ላሽ፦ ፈዋሹ ማን ነው?

የላሽን ሕክምና ለመመዘን አስቸጋሪ ያደረገው በሽታው ብዙ ጊዜ በራሱ መዳኑ ነው። የሰውነት መከላከያ የፀጉርን ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ ክብ መላጣ ይወጣል፤ ሥሩ ግን አይሞትም። መላጣው አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ የብዙዎች ፀጉር በዓመት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይመለሳል። ታዲያ በዚያው ሰሞን ነጭ ሽንኩርት ያሸ ሽንኩርቱን፣ ቅባት የገዛም ቅባቱን ያመሰግናል። ምስጋናው ከልብ ነው፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ላሽን አዳነ የሚባል ነገር ሁሉ ካልታከመ ቆዳ ጋር መነጻጸር አለበት።

«ቀይ ሽንኩርት ግን ተነጻጽሯል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢራቅ ጥናት የቀይ ሽንኩርት ጭማቂ ከተቀቡ 23 ሰዎች በ20ዎቹ ፀጉር መብቀሉን፣ የቧንቧ ውኃ ከተቀቡ 15 ሰዎች ግን በ2ቱ ብቻ መብቀሉን ጽፏል። ቁጥሩ ያጓጓል። ይሁንና ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ደግሞስ ሽንኩርትና ውኃን በማሽተት የማይለይ ማን አለ? ሕመምተኛው የተቀባውን ካወቀ ግምቱ ያደላል።

ይህ መስፈሪያ ሐኪሙንም አይምርም። ለትንሽ መላጣ የሚመረጠው በየአራት እስከ ስድስት ሳምንቱ ቆዳ ውስጥ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌ በትልልቅ ጥናቶች እምብዛም አልተፈተነም። የሚደግፈው ግን ቀላል ምልከታ አለ፦ ፀጉሩ መጀመሪያ የሚበቅለው መርፌው ያረፈበት ላይ ነው፤ አጠገቡ ያልተወጋው እንደተመለጠ ይቆያል። ቆዳን ማሳሳቱ ጉዳቱ ነው። በልጆች ላይ ደግሞ አስቀድሞ ቆረቆር አለመሆኑ ይጣራ፤ ቆረቆር የፈንገስ በሽታ ስለሆነ ስቴሮይድ ያባብሰዋል።

ግማሽና ከዚያ በላይ ፀጉሩ የረገፈበት ሰው በራሱ የመዳን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ንጽጽሩም ግልጽ ይሆናል። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለከባድ ላሽ የፈቀደችው ባሪሲቲኒብ የተባለ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ክኒን 1,200 ሰዎች በተሳተፉባቸው ሁለት ጥናቶች ተፈትኗል። ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በ36 ሳምንት ቢያንስ 80 በመቶ የራስ ቅል ፀጉር አግኝተዋል፤ ማስመሰያ ክኒን ከዋጡት ግን ከመቶ ከሦስት እስከ ስድስቱ ብቻ።

«ለፀጉር ብሎ የመከላከያ ኃይልን ማዳከም ምን ይሉታል?» ለአንዲት ክብ መላጣ ከሆነ፣ እኔም ከጠያቂው ጋር ነኝ። ቅንድብና ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ለረገፈበት ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። መድኃኒቱ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ስለሚችል፣ ነቀርሳ በተስፋፋበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር የነቀርሳ ምርመራ ከክኒኑ ይቀድማል። ክኒኑ ሲቋረጥ ደግሞ ፀጉሩ ብዙ ጊዜ መልሶ ይረግፋልና ወጪው ለዓመታት መታሰብ አለበት።