ውስብስቡን ማን ይሸከመው?

እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2020 ሲቲባንክ ለመዋቢያ ዕቃ አምራቹ ለሬቭሎን ገንዘብ ላበደሩ ድርጅቶች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ማስተላለፍ ነበረበት። በዚያን ቀን ግን ከባንኩ ከራሱ ካዝና ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ወጣ። ሌባ አልገባም፤ ሲስተሙን የሰበረም አልነበረም። ስህተቱ የተፈጠረው ስክሪን ላይ ነው። ለዚህ ዓይነት ክፍያ ሶፍትዌሩ ሙሉው ዋና ብድር እንደተከፈለ ተደርጎ እንዲመዘገብ፣ ከዚያም ዋናው ገንዘብ ወደ ባንኩ የውስጥ ሒሳብ እንዲዞር ይጠይቅ ነበር። ገንዘቡን ለማዞር ሦስት ሳጥኖች መሞላት ነበረባቸው። ሠራተኞቹ የዋናውን ገንዘብ ስም የያዘውን አንዱን ብቻ ሞሉ፤ ስሙን ላነበበ ሰው እሱ ብቻውን የሚበቃ ይመስላልና። ከመላኩ በፊት ማስጠንቀቂያ ብቅ ብሎ ገንዘብ ከባንኩ ሊወጣ መሆኑን ተናገረ፤ ስንት እንደሚወጣ ግን አልተናገረም። ወለዱ መውጣቱ የታወቀ ስለነበር ማንም አልደነገጠም። አዘጋጁ፣ አረጋጋጩና አጽዳቂው፣ ሦስቱም ትክክል ነው ብለው አሳለፉት። 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የደረሳቸው አበዳሪዎች አንመልስም አሉ። ባንኩ ከስሶ በ2021 ተረታ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ የሻረለት በ2022 ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው ወደ ሠራተኛው ነው። ነገር ግን ሦስት የሠለጠኑ ሰዎች አንድን ስክሪን አይተው በአንድ ዓይነት መንገድ ከተሳሳቱ፣ መመርመር ያለበት ስክሪኑ ነው። በዜሮክስና በአፕል የሠራው የኮምፒውተር ሊቅ ላሪ ቴስለር ለዚህ መነሻ የሚሆን ሐሳብ ትቶልናል። እያንዳንዱ ሥራ ሊቀነስ የማይችል የራሱ ውስብስብነት አለው፤ ጥያቄው ማን ይሸከመው የሚለው ብቻ ነው። ሠሪው ካልተሸከመው ተጠቃሚው ይሸከመዋል። ሒሳቡም ግልጽ ነው። አንድ ሚሊዮን ሰዎች የሚጠቀሙበት መተግበሪያ ከእያንዳንዳቸው በቀን አንድ ደቂቃ ያለአግባብ ቢወስድ፣ በየቀኑ ከ16 ሺህ ሰዓት በላይ ይባክናል። አንድ መሐንዲስ ችግሩን ለመፍታት ወር ሙሉ ቢለፋ እንኳ ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ግልጽና የተረጋጋ ዲጂታል አገልግሎት የምንለው እንግዲህ ሸክሙን ሠሪው የወሰደበትን ነው።

ይህ የሚቻል ለመሆኑ የብሪታንያ መንግሥት ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2010 ማርታ ሌን ፎክስ ያቀረቡት ሪፖርት በየመሥሪያ ቤቱ ተበታትነው የነበሩት ድረ ገጾች ወደ አንድ እንዲሰበሰቡ መከረ፤ በኦክቶበር 2012 ጎቭ ዩኬ የተባለው ገጽ የቀድሞዎቹን ዋና ዋና ድረ ገጾች ተካ። ገጹን የሠራው ቡድን ካወጣቸው መርሆዎች አንዱ፣ ነገሩ ቀላል እንዲሆን ከባዱን ሥራ እኛ እንሥራው የሚል ነው። ቅጾቹን ብንመለከት ሐሳቡ በተግባር ይታያል። በአንድ ገጽ ላይ በአብዛኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀርባል፤ መልሱ ቀጣዩን ጥያቄ ይወስናል፤ የማይመለከተን ጥያቄ ከነጭራሹ አይመጣም። ሕጉ አላጠረም፣ መመሪያውም አልቀነሰም። እኔን የሚመለከተኝ የትኛው አንቀጽ ነው ብሎ የመፈለጉ ድካም ግን ከዜጋው ትከሻ ወርዷል።

በእኛም ዘንድ ይህ ሸክም በየዕለቱ ያጋጥማል። ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽ ሲቀርብለት የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይሞላል፤ የልጁ ደግሞ ሌላ ይሆናል፤ ሲስተሙም አባትና ልጅን እንደ ባዕድ ሊያያቸው ይችላል። የልደት ቀን ሲጠየቅ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት ልዩነት ጋር፣ ከ13 ወራት ጋር መታገል አለ። የጠዋቱ 2 ሰዓት በሌላው አቆጣጠር 8 ሰዓት ነውና ቀጠሮም እንዲሁ ያሳስታል። ይህን ሁሉ ማስላት ለኮምፒውተር ቀላል ነው። ተጠቃሚው በሚያውቀው አቆጣጠር ቀኑን አስገብቶ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢያይ ብዙ ስህተት ይቀራል። በሜይ 2021 ሥራ የጀመረው ቴሌብር በተራ ስልክ *127# ተደውሎ መሥራቱና በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች መቅረቡ የዚሁ አስተሳሰብ ፍሬ ነው፤ ሰውዬው ስማርት ስልክ እንዲገዛና እንግሊዝኛ እንዲማር አልተጠየቀም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ተቃውሞ ይነሳል። አንዳንዱ፣ ባለሙያ ሁሉንም መረጃ ማየት ስላለበት ማቅለል መደበቅ ነው ይላል። ስጋቱ እውነት አለው፤ ክፍያን ወይም ግዴታን ከትልቅ ቁልፍ ጀርባ የሚሸሽግ መተግበሪያ እያታለለ እንጂ እያቀለለ አይደለም። ነገር ግን መረጋጋት ማለት መረጃን ማጥፋት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ማርክ ዋይዘርና ጆን ሲሊ ብራውን በ1995 ስለተረጋጋ ቴክኖሎጂ ሲጽፉ ያስረዱት፣ መረጃ ከዳር ሆኖ ሲያስፈልግ ብቻ ወደ መሐል መምጣት እንዳለበት ነው። የሲቲባንክን ስክሪን የጎደለው የመረጃ ብዛት ሳይሆን አንድ ቁጥር ነበር፤ የሚወጣው የገንዘብ መጠን። ሊመለስ የማይችል እርምጃ ሲመጣ ጥሩ ዲዛይን ተጠቃሚውን ያቆመዋል፣ የሚሆነውንም በቁጥርና በስም ይነግረዋል። ሁልጊዜ የሚጮኽ ማስጠንቀቂያ ግን ሳይነበብ የሚታለፍ ማስጠንቀቂያ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የጊዜና የገንዘብ ነው፤ አሁን እናውጣው፣ ሰውን እናሠለጥናለን፣ ቀስ እያልን እናስተካክላለን ይባላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሥልጠና ይረሳል፣ ሠራተኛ ይቀያየራል፣ ደንበኛ ደግሞ ጭራሹን አይሠለጥንም። ፍተሻውም ቢሆን የሚፈራውን ያህል ውድ አይደለም። የአጠቃቀም ባለሙያው ጃኮብ ኒልሰን በ2000 እንደጻፈው፣ አምስት ሰዎች ሲጠቀሙ መመልከት አብዛኛውን ችግር ያሳያል። አጠገባቸው ተቀምጦ ሳያግዙ ማየት፣ የቆሙበትን ቦታ መመዝገብ፣ አስተካክሎ ደግሞ መፈተን በቂ ነው።

ስለዚህ ሶፍትዌር የምታሠሩ ባንኮች፣ መሥሪያ ቤቶችና ሆስፒታሎች ርክክብ ከመፈረማችሁ በፊት ሥራውን ከማያውቁ አምስት ሰዎች ፊት አስቀምጡት። ካልቻሉ የሚመለሰው ሰዎቹ ሳይሆኑ ሶፍትዌሩ ነው። ተጠቃሚዎችም ግራ በገባችሁ ጊዜ ሁሉ ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ አትውሰዱ፤ ያቆማችሁ ገጽ የትኛው እንደሆነ ለባለቤቱ ንገሩ።