መርፌው ከወጣ በኋላ

መርፌ የታዘዘለት ሰው ፊቱን የሚያዞረው መርፌው ሊገባ ሲል ነው። ለነርሷ ክፉው ጊዜ የሚመጣው ግን ከወጣ በኋላ፣ ደም የነካው መርፌ እጇ ላይ ባለበት በዚያች አፍታ ነው።

ክዳኑን መልሶ መግጠም ጥንቃቄ ይመስላል። አንዱ እጅ ክዳን፣ ሌላው መርፌ ይዞ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ለመሳት ትንሽ ነገር ይበቃል፤ ሕፃኑ ይፈራገጣል፣ አስታማሚ ከኋላ «ሲስተር!» ብሎ ይጠራል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ክዳን አይመለስም፤ መርፌው ከነሲሪንጁ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው የመርፌ መጣያ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋል። «ገና ቦታ አለው» ተብሎ አንድ ሲጠቀጠቅበት፣ ከውስጥ ያለው መርፌ ጣት ያገኛል።

የታማሚው ደም ኤች አይ ቪ ካለበት፣ በአንድ ውጋት የመያዝ ዕድሉ ከ1000 3 ገደማ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ብቻ መፍራቱ ይገርመኛል፤ ሁለተኛው እኮ ክትባት አለው! የኢትዮጵያ ሕፃናት ይህን ክትባት በመደበኛነት ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ዛሬ በየዋርዱ የምናያቸው ነርሶች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ስለተወለዱ፣ ሦስቱን ዙር ሥራ ላይ ሆነውም ቢሆን መከተብ አለባቸው።

ነርሷ ከተወጋች ቦታውን በውኃና በሳሙና ትታጠባለች፤ መጭመቅ፣ መምጠጥ፣ በረኪና ማፍሰስ አይገባም። ከዚያ መናገር ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ነው። ቸልተኛ እንዳትባል ይሉኝታ ይይዛታል፤ ጊዜው ግን ይሄዳል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ አይጀመርም፤ ከተጀመረ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ኃላፊው ገና ስትነግረው የሚቆጣ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ውጋት ይደበቃል።

አስታማሚስ? ልጁን ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፣ መርፌ በእጇ ሳለ ነርሷን አይጥራት። አንሶላ ላይ የተረሳ መርፌ ካየ «ላንሣው፣ ልክደነው» ሳይል ይንገራት። ያ መርፌ ከቆሻሻ ጋር ቢጠረግ የሚወጋው የጽዳት ሠራተኛዋን ነው፤ ጓንት ደግሞ መርፌ አያቆምም። ቤታችሁ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለም መርፌውን በፌስታል አትጣሉ። ክዳን ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አጠራቅሙ፤ ሳይሞላ ከድናችሁ ጤና ጣቢያው ይቀበላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።