ፈጣኑ የፋብሪካ ሞተር ሳይክል

ፈጣኑ የፋብሪካ ሞተር ሳይክል የሚባለው ለውድድር ብቻ ሳይሆን በብዛት ተመርቶ ለማንኛውም ገዢ ከሚሸጡት ሞተር ሳይክሎች መካከል በከፍተኛ ፍጥነቱ የሚቀድመው ነው። ሁሉም የተስማማበት መለኪያ ስለሌለ ክርክሩ አልተዘጋም።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማዕረጉ ከካዋሳኪ ዜድዜድ-አር 1100 ወደ ሆንዳ ብላክበርድ አለፈ። በ1999 የወጣው ሱዙኪ ሃያቡሳ ደግሞ በሰዓት 300 ኪ.ሜ. አለፈ። ሃያቡሳ በጃፓንኛ የጭልፊት ዓይነት ነው፤ ብላክበርድ በእንግሊዝኛ ጥቁር ወፍ ማለት ነው። ጭልፊት ወፍ አዳኝ ስለሆነ ስሙ በአጋጣሚ የወጣ አይመስልም።

በአውሮፓ የእገዳ ሕግ ይወጣል የሚል ሥጋት ሲነሣ፣ አምራቾቹ ፍጥነቱን በ300 ኪ.ሜ. ለመገደብ በፈቃዳቸው ተስማሙ። ሞተሩ የበለጠ ጉልበት ቢኖረውም ኮምፒውተሩ ከዚያ በላይ አያስኬደውም። በዚህም የተነሣ የ1999ኙ ሃያቡሳ ለዓመታት በቀላሉ የሚደፈር አልሆነም።

ዛሬ ዋናው ጥያቄ ካዋሳኪ ኒንጃ ኤች2አር ይቆጠራል ወይ የሚለው ነው። በ2015 ለሽያጭ የቀረበው ይህ ሞተር ሳይክል አየር በግፊት የሚያስገባ ሱፐርቻርጀር አለው። ቱርካዊው ተወዳዳሪ ኬናን ሶፉኦግሉ በ2016 በኦስማን ጋዚ ድልድይ ላይ ሲነዳው ዳሽቦርዱ 400 ኪ.ሜ. አሳየ። ሆኖም ኤች2አር የፊት መብራት የለውም፤ በመደበኛ መንገድ መንዳትም አይፈቀድም። ስለዚህ ሰሌዳ ተለጥፎበት መንገድ ላይ መውጣት የማይችልን ከሃያቡሳ ጋር ማወዳደር ተገቢ አይደለም። ዳሽቦርድም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ፍጥነት ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ለንጽጽር የሚታመነው በራዳር ወይም በጂፒኤስ የተለካ ቁጥር ነው።

የአየር ግፊትን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ያድጋል፤ ፍጥነትን በ10 በመቶ ለመጨመር 33 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል።