ስለ አረም መድኃኒትና ስለ ልብ

አረም የገበሬ ጠላት ነው። ስለዚህ በዛሬ ዘመን ብዙ ገበሬዎች ከመዝራታቸው በፊት መድኃኒት እየረጩ ያደርቁታል። ከነዚህም አንዱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1974 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሸጠው ግላይፎሴት ነው። ስሙ መድኃኒት ይባላል፤ ለሚጠጣው ሰው ግን መርዝ ነው።

ልብ ደምን ወደ መላው አካል ይገፋል። ዐዋቂ ሰው ሲያርፍ ልቡ በአንድ ደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ሰው ይህን መርዝ በብዛት የጠጣ እንደ ሆነ ጉሮሮውና ሆዱ ይቃጠላል፥ ያስመልሰዋልም። ኋላም የልቡ ኀይል ይደክማል፥ የደሙም ግፊት ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፥ ራሱ ይዞራል፥ የልቡም ትርታ ይዛባል። አንጎልና ኩላሊትም ደም ካልደረሳቸው ይጎዳሉ።

ለዚህ መርዝ ማርከሻ የለውም፤ የሚያድነው ፍጥነትና ማስተዋል ነው። አንዳንድ ሰዎች ጣት ከትተው ያስመልሱታል። ነገር ግን መርዙ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና ይህ አይገባም። የሚረዳው ሰው እጁን ሸፍኖ መርዝ የነካውን ልብስ ያውልቅለት፥ ገላውንም በውሃና በሳሙና ይጠበው። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ያስተኛው። ትንፋሹ ከተቋረጠ ግን የደረቱን መካከል በሁለት እጁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። ወዲያውም ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ሐኪሙ መርዙን ያውቅ ዘንድ ዕቃው ከነጽሑፉ አብሮ ይሂድ።

ሐኪሙ በደም ሥሩ የጨው ውሃ ይሰጠዋል። የደሙ ግፊት ካልተመለሰ ሥሮቹን የሚያጠብቅ መድኃኒት ይጨምርለታል፥ የልቡንም አመታት በመሣሪያ ይከታተላል። በመጀመሪያ ደኅና የመሰለ ሰው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሊወድቅ ይችላልና፥ «ተሽሎኛል» ቢልም ሐኪሙ ሳያሰናብተው ወደ ቤቱ አይመለስ።

ከማከም ግን መጠንቀቅ ይበልጣል። መርዝ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ እንደ ሆነ ልጅ መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል። ስለዚህ በራሱ ዕቃ ከነስሙ ተቈልፎ ይቀመጥ። መርዝ የቀመሰ ልጅ፥ ሌላውም ሲቀምስ ያየ፥ ቁጣ ፈርቶ አይደብቅ፤ ፈጥኖ ለታላላቆቹ ይንገር። የአባትና የእናት ቁጣ በአንድ ቀን ያልፋል፤ የቆመ ልብ ግን በልቅሶ አይነሣም።