ምራቅ ሳይደርቅ

(ድምፅ፦ የተሳቢ መኪና ጡሩምባ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፤ ቀስ በቀስ ይርቃል።)

ተራኪ፦ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማችን የኤሌክትሪክ ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ ሐዲዱን የሚፈጽመው ቃሊቲ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ምድር የጉምሩክ መጋዘንና የመናኸሪያ፣ የጨርቃ ጨርቅና የብረታ ብረት ፋብሪካ፣ ከጅቡቲ ወደብ ኮንቴይነር ጭኖ ሌሊትና ቀን የሚገባው የከባድ መኪና ምድር ነው። በዚህ በአቃቂ ቃሊቲ የሚያድግ ሕፃን፣ ፊደል ከመቊጠሩ አስቀድሞ፣ እጁን መታጠብን፣ የልብሱን ቁልፍ መቆለፍን፣ የጫማውን ክር ማሰርን፣ የበላበትን ሳህን ማንሣትንና የተላከውን መልእክት ሳያጓድል አድርሶ መመለስን ከማን ይማራል? የዛሬው ዝግጅታችን የሚከተለው ይህን ጥያቄ ነው።

(ድምፅ፦ የሕፃናት ጫጫታ፤ ውኃ በሳፋ ላይ ሲንጠባጠብ።)

ተራኪ፦ የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በ2002 ዓ.ም. ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት በአንድነት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካወጡ ወዲህ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ ከአንደኛ ክፍል አንድ ዓመት ቀድሞ የሚሰጠው «ኦ ክፍል» ተስፋፋ፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች የመንደራቸውን ታናናሾች በጨዋታ የሚያለማምዱበት «ልጅ ለልጅ» የተባለውም ዘዴ አብሮት መጣ።

አሁን የምትሰሙት የውኃ ድምፅ በአቃቂ ከአንድ ኦ ክፍል ደጃፍ የተቀዳ ነው። ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ ሃይላንድ በሁለት እጇ የያዘች አንዲት ሕፃን የጓደኛዋን እጅ ታስታጥባለች። ከመዲናይቱ የመጠጥ ውኃ ከፍ ያለው ድርሻ ከዚህ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚሳብ ቢሆንም፣ በዚያ ደጃፍ ያለው ውኃ በጀሪካን ተሸክመው ያመጡት ስለ ሆነ፣ ልጅቱ ጠብታው እንዳይባክን ትንፋሿን ይዛ፣ ሃይላንዱን ዘንበል ቀና፣ ዘንበል ቀና ታደርጋለች። «ቲቸር፣ ሳሙናው አልለቀቀውም!» ትላለች። መምህርቲቱም ሃይላንዱን ከእጇ ተቀብለው ሥራውን በቶሎ መፈጸም ሲችሉ፣ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ይህን ትዕግሥት ከሁሉ አብልጠን አደነቅነው፤ ለሕፃን ሥራ ማስተማር ማለት ከሞላ ጎደል አዋቂ እጁን የሚሰበስብበትን ጊዜ ማወቅ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1907 ጣሊያናዊቱ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ በሮማ ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የሠራተኞች ሰፈር፣ ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ጠባቂ የሚያጡትን ሕፃናት ሰብስባ ቤት ስትከፍት፣ ቁልፍ መቆለፍን፣ ውኃ መቅዳትንና ወለል መጥረግን ከትምህርት ቈጠረቻቸው። ዓለም ይህን ከእርሷ ተማረ። በእኛ አገር ግን ይህ ትምህርት ቤት የሌለው ትምህርት ሆኖ ከጥንት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው።

ምግብ ሲቀርብ ኩስኩስቱን አንሥቶ፣ ፎጣውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ከአዛውንቱ ጀምሮ በዕድሜ ተራ የሚያስታጥበው የቤቱ ታናሽ ነበር። ከታላቅ መጀመርን፣ ጎንበስ ማለትን፣ ውኃውን እንደ ታጣቢው እጅ ማፍጠንንና ማዘግየትን የሚማረው በዚያው ቅጽበት ሲሆን፣ ደመወዙም «እደግ፣ ተመንደግ» የሚለው ምርቃት ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ሲያጥብ ያየ ሕፃን፣ በቤቱ ውኃ ማፍሰሱ ከክብር እንጂ ከውርደት እንዳልሆነ ማንም ሳይሰብከው ያስተውላል። የኔታም ዘንድ ፊደል የሚቈጥረው ደቀ መዝሙር ውኃ እየቀዳ፣ ደጅ እየጠረገ፣ ታናሹን እያስጠና ነበር መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን የሚዘልቀው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ትምህርት አለ፤ እርሱም መላክ ነው።

(ድምፅ፦ የሰፈር ሱቅ፤ «ጋሼ፣ ጨው አለ?»)

ተራኪ፦ ያለፈው ትውልድ ሁሉ የሚያውቀው ነው። እናት ሳንቲሙን በልጇ መዳፍ አስጨብጣ፣ የሚገዛውን ነግራ፣ አስደግማ፣ በመጨረሻም መሬት ላይ «እንትፍ!» ብላ፣ «ይህ ምራቄ ሳይደርቅ ድረስ!» ትላለች። ልጁ ያን ጊዜ እግሬ አውጪኝ ይላል። ምራቁ በፀሐይ ምን ያህል እንደሚቆይ አልተነገረውም፤ መሮጥ ብቻ ነው ያለበት። ሲሮጥም «የስሙኒ ጨው፣ የስሙኒ ጨው» እያለ ቃሉን ከአፉ ሳይለይ ይደግማል፤ ቃሉ ከጠፋበት ባዶ እጁን መመለሱ ነውና። በመንገዱ አሮጊት ቢያገኝ እጅ ነሥቶ ማለፍ አለበት፤ ሰላም ሳይል ያለፈ እንደ ሆነ ወሬው ከእርሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። የጎረቤት ውሻ ያለበትን አጥር ዞሮ ይሄዳል። ከሱቁ ደርሶ በትልልቆቹ መካከል ጠፍቶ ሲቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጠየቅን በዚያ ይማራል። መልሱን ቈጥሮ፣ ጨብጦ፣ ሳያጓድል ያመጣል። ወደ ቤት ሲደርስም ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያ መሬቱ ላይ ነው፤ እናት ግን ምራቁ ቢደርቅም ባይደርቅም «ጎሽ የኔ ልጅ» ብላ ስማው ጨዉን ትቀበላለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡናው ሲቈላ ያው ልጅ በየደጁ እየዞረ፣ «እትዬ፣ ቡና ጠጡ ብላለች እማዬ» ይላል፤ የማን ቤት ሐዘን እንዳለ፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተኳረፈ የሚያውቀው በዚህ ዙር ነው።

እንግዲህ በዚያች አጭር መንገድ ሒሳብም፣ ንግግርም፣ ግብረ ገብም፣ ጥንቃቄም በአንድነት ይሰጡ ነበር፤ ሁሉንም የሚያጸናቸው ደግሞ ሕፃኑ የታመነ መሆኑ ነው። ታምኖ ያልተላከ ልጅ ምንም ያህል ቢመከር፣ ነገሩ በጆሮው እንጂ በእጁ አይገባም።

ዛሬ በአቃቂ ቃሊቲ ይህ መንገድ ጠቧል። እናቲቱ በፋብሪካ ፈረቃ ላይ ናት። ቱሉ ዲምቱን በመሰሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ስሙ እንኳ አይታወቅም። በዋናው ጎዳና የሚያልፈው ተሳቢ መኪና ለአዋቂም የሚያስፈራ ነው፤ በከተማችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ልጇን ወደ ውጭ ያልላከችን እናት ለመውቀስ የሚደፍር አንደበት የለንም። ኦ ክፍሉ የመንደሩን ሸክም ተሸክሟል የምንለውም ስለዚህ ነው።

ያሰብነው ዝግጅት በዚህ ይፈጸም ነበር። ነገር ግን ከቀዳናቸው ድምፆች አንዱ ሌላ ነገር ስላመጣብን፣ የቀረውን ሰዓት ለእርሱ ልንሰጥ ግድ ሆነ።

(ድምፅ፦ አያት) «መጀመሪያ ሰሞን በሩ ፊት ትቆማለች እንጂ አትከፍተውም። ክፍት ነው፣ ግፊው የኔ እናት እላታለሁ፤ ሰው እስኪከፍትላት ትጠብቃለች። ብር ስሰጣትም ይዛው ቁጭ አለች። ምን እንደሚደረግበት ከየት ታውቀው!»

ተራኪ፦ ይህች የአያቲቱ የልጅ ልጅ እስከ አራት ዓመቷ ያደገችው ከእናቷ ጋር በማረሚያ ቤት ነው። የቃሊቲ ስም በአገራችን ለብዙ ዘመን ከወህኒ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ አድማጭ ያውቃል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታራሚዎች አያያዝ ደንብ፣ የእናቱ የቅርብ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሕፃን እስከ 18 ወር ድረስ ከእርሷ ጋር እንዲቆይ ይፈቅድ ነበር፤ ተቀባይ ዘመድ ያጣው ግን ከዚያም አልፎ ይቆይ ነበር። በቅጥሩ ውስጥ ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን ያጥባሉ፣ ያበጥራሉ፣ መብላትና መልበስ ያስተምራሉ፤ በዚህ ከውጭ እናት አያንሱም። ሆኖም የሚልኩበት ሱቅ፣ የሚያስጠሩት ጎረቤት፣ የሚያሻግሩት መንገድ የላቸውም። ማንም ሳይፈርድበት አንድ ሕፃን ከመላክ ተከልክሎ ያድጋል። ኦ ክፍሎች በእነዚያ ቅጥሮች አጠገብ ሳሉ፣ እነዚህ ልጆች በየማለዳው ወጥተው ከእኩዮቻቸው ጋር ሃይላንድ ይዘው እጅ ቢተጣጠቡ፣ ከሰዓት በኋላም ወደ እናቶቻቸው ቢመለሱ የሚከለክል ምን ምክንያት አለ? ሥልጣኑ ያላቸው ሁሉ ይህን እንዲያስቡበት በፍጹም ልባችን እንለምናለን።

አያቲቱ በበኩላቸው ማንንም አልጠበቁም። በመጀመሪያ ከጓዳ ማንኪያ፣ ቀጥሎ ከጎረቤት እሳት፣ ከዚያም ከአጥር ጥጉ ሱቅ ጨው አስመጧት።

(ድምፅ፦ አያት) «ምራቄ ሳይደርቅ አልላትም እኔ። እንድትሮጥብኝ አልፈልግም፤ ቀስ ብላ ትምጣ።»

ተራኪ፦ ልጅቱ በመጪው መስከረም ኦ ክፍል ትገባለች። ትምህርት ቤቱ ያለው ከዋናው ጎዳና ማዶ ስለ ሆነ፣ አያቲቱ እሑድ እሑድ፣ የጭነት መኪናው ቀለል በሚልበት ሰዓት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እጇን ይዘው ያሻግሯታል፤ ግራና ቀኙን አይታ «አሁን እንለፍ» የምትለው ግን እርሷ ናት።