ረቡዕ አንድ፣ እሑድ ሁለት፦ የኦንላይን ማስተርስ ውይይት ለምን ቀዘቀዘ?

በአሜሪካ ኮሌጆች ማስተርሱን በኦንላይን የሚማር ሰው የሳምንቱን ሥርዓት በቃሉ ያውቀዋል። እስከ ረቡዕ ማታ መምህሩ ላነሣው ጥያቄ አንድ ጽሑፍ ያስገባል፤ እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት ደግሞ ለሁለት የክፍል ጓደኞቹ አስተያየት ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የቃላቱ ብዛትና የሚጠቀሰው ምንጭ ቁጥር ሳይቀር ተወስኖለታል። እሑድ ማታ ገጹን የከፈተ ሰው መልእክቱ ሲጎርፍ ያያል፦ «ግሩም ጽሑፍ ነው፤ በተለይ ስለ አመራር ያነሣሽውን ነጥብ ወድጄዋለሁ»፤ ቀጥሎ የዚያው ነጥብ ድጋሚ፣ ቀጥሎ አንድ ጥቅስ። ሰኞ ጭጭ ነው። የተጠየቀችውም መልስ አትሰጥ፣ የጠየቀውም ተመልሶ አያይ። መምህራን ይህን ስንፍና ይሉታል፤ ተማሪዎች በበኩላቸው ከንቱ ልፋት። እኔ ግን ችግሩን የማየው ከሁለቱም ወዲያ ነው፦ መምህሩ ሥራውን መሥራቱን ለማረጋገጥ የወጣ ሕግ፣ ውሎ አድሮ ተማሪውን መቁጠሪያ ሆነ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከገንዘብ ነው። በፖስታ የሚያስተምሩ አንዳንድ የተልእኮ ትምህርት ቤቶች የመንግሥትን የተማሪ ድጋፍ እየሰበሰቡ፣ ለተማሪው ጥራዝ ከመላክ ያለፈ ነገር አይሠሩም የሚል ቅሬታ በመብዛቱ፣ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1992 ገደብ አበጀ። ከኮርሶቹ ወይም ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላዩ በተልእኮ የሆነበት ተቋም ከፌዴራሉ ድጋፍ ተቋዳሽነት ወጣ። ኢንተርኔት ሲመጣ ይኸው ገደብ አላላውስ አለ፤ በ2006 ለኦንላይን ትምህርት ተነሣ። ይሁንና ኦንላይኑን ከተልእኮው የሚለየው መስመር በሕጉ ውስጥ ቀረ፤ በመምህርና በተማሪ መካከል መደበኛና ፍሬ ያለው ግንኙነት መኖር አለበት ይላል። ይህች ሐረግ ምን ያህል ልታስከፍል እንደምትችል በ2017 ታየ። የትምህርት ሚኒስቴሩ የኢንስፔክተር ጄኔራል ቢሮ፣ ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ከብዙዎቹ ኮርሶቹ መስፈርቱን የሚያሟላ ግንኙነት ጠፍቷል ብሎ 713 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲመልስ ሐሳብ አቀረበ። ሚኒስቴሩ በ2019 ሐሳቡን ውድቅ ቢያደርገውም፣ የሌሎች ኮሌጆች አስተዳዳሪዎች እንቅልፍ አጥተው ነበር።

ሌላም ደንብ አለ። ድጋፍ የሚያገኝ ተማሪ ትምህርቱን ሲያቋርጥ ኮሌጁ የሚመለሰውን ገንዘብ ማስላት ስላለበት፣ ተማሪው ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘበትን ቀን ማወቅ ግድ ይሆንበታል። በኦንላይን «መገኘት» ማለት ታዲያ ምንድን ነው? ደንቡ ኮርሱን ከፍቶ መግባት ብቻውን አይቆጠርም ይላል፤ በትምህርቱ ዙሪያ በተከፈተ ውይይት መሳተፍ ግን ይቆጠራል። እንግዲህ የረቡዑ ጽሑፍ የአንድ ሰው ሐሳብ ብቻ ሳይሆን ቀኑ የታተመበት ደረሰኝም ነው። የሚገርመው ሕጉ ራሱ ከዚህ የተሻለ ነገር መጠየቁ ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ትርጓሜ ፍሬ ያለው ግንኙነት ከሚላቸው መካከል የቡድን ውይይትን መምራት አንዱ ነው፤ የሚመራውም መምህሩ ነው። ተማሪዎች እርስ በርስ ስለተጻጻፉ ብቻ መስፈርቱ አይሟላም። ግን የተማሪን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ይቆጥረዋል፣ የመምህርን ብልሃት አይቆጥረውም፤ ስለዚህ ሸክሙ ወደሚቆጠረው ወረደ።

ጥናቱም ወደዚሁ ያመለክታል። የካናዳዎቹ ጋሪሰን፣ አንደርሰንና አርቸር በ2001 ባሳተሙት ሥራ የጽሑፍ ውይይቶችን መልእክት በመልእክት እያነበቡ በአራት ደረጃ መደቡ፦ ጥያቄ ማንሣት፣ ሐሳብ ማሰስ፣ ሐሳብን ከሐሳብ ማያያዝ፣ መፍትሔ ላይ መድረስ። አሰሳው 42 በመቶ ሆነ፤ ማያያዙ 13፣ መፍትሔው 4 በመቶ ብቻ። የመልእክቶቹ ቁጥር ጥቂት ስለነበር አሃዙን እንደ ሕግ መያዝ አይገባም፤ ነገር ግን ውይይት አሰሳው ላይ ተቸክሎ መቅረቱን ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶችም ደጋግመው አይተዋል። ጋሪሰንና ክሊቭላንድ ኢንስ በ2005 ደግሞ መስተጋብር ብቻውን እንደማይበቃ፣ የኮርሱ አነዳደፍና የመምህሩ አመራር ለጥልቀቱ ወሳኝ እንደሆኑ ጻፉ። እንዲህ ቢሆን አይገርምም። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ የሚናገረው ባላጋራው ለተናገረው ነበር፣ ዳኛም ነበረው፣ ፍርድም ይጠበቅ ነበር። እዚህ ግን ሃያ ሰው ለአንድ ጥያቄ ሃያ ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል፤ የሚረታም የሚፈርድም የለም።

ነጥብ ባይኖረው ማን ይጽፍ ነበር የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ቀን በሆስፒታል ወይም በሒሳብ ቢሮ ውሎ፣ ልጆቹን አስተኝቶ ማታ የሚማር ሰው (ከእነዚህ መካከል በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም) ነጥብ የሌለውን ሥራ ቢዘለው አይፈረድበትም። ሆኖም ነጥቡ ለቁጥር መሰጠቱ የግድ አይደለም። ሦስት ተማሪዎች አንድ አቋም፣ ሦስቱ ተቃራኒውን ይዘው ቢከራከሩ፣ ሌላው የሳምንቱን ክርክር ጨምቆ የት ላይ እንዳልተስማሙ ቢጽፍ፣ ነጥቡ ለዚያ ሊሰጥ ይችላል። በየሳምንቱ ሁሉም መጻፍ የለበትም፤ ዝም ብሎ የሚያነብም ይማራል፣ የክፍል ተማሪ ሁሉ እጁን እንደማያወጣ እናውቃለን።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ የገንዘቡ ነው፦ መምህሩ ሁሉንም የሚያነብበትን ጊዜ ከየት ያመጣል? ጆርጂያ ቴክ በ2014 የከፈተው የኮምፒውተር ሳይንስ የኦንላይን ማስተርስ ዋጋው ርካሽ፣ ክፍሉም ብዙ ነው። በአንዱ ኮርስ 300 ያህል ተማሪዎች በአንድ ሴሚስተር 10,000 ገደማ መልእክት ይጽፉ ስለነበር፣ ፕሮፌሰር አሾክ ጎኤል በ2016 ጂል ዋትሰን የተባለች ሰው ሠራሽ ረዳት መምህርት ከሰዎቹ ረዳቶች ጋር ቀላቀሉ። ዞሮ ዞሮ የምትመልሰው የተለመዱትን ጥያቄዎች፣ አሳይመንቱ መቼ ነው፣ በምን ፋይል ይግባ የሚሉትን ነበር። ማሽን እንዲህ ያለውን ቢወስድ መምህሩ ለክርክሩ ጊዜ ይተርፈዋል። የተረፈው ጊዜ ክፍሉን ወደ 600 ማሳደጊያ ከሆነ ግን ምንም አልተገኘም፤ ይህ ደግሞ የቴክኖሎጂ ሳይሆን የበጀት ውሳኔ ነው።

ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህ ጉዳዩ የሚታለፍ አልሆነም። «አንድ ጽሑፍ፣ ሁለት አስተያየት» የሚለው ትእዛዝ ማሽን በደቂቃ የሚፈጽመው ሥራ ሆኗል፤ መለያ ሶፍትዌር መግዛቱም ንጹሑን እየከሰሰ ሌላውን የሚያሳልፍ ወጪ ነው። መምህሩ ተመልሶ «አንቺ በምትሠሪበት ክፍል ይህ አሠራር ቢሞከር ማን ነው ቀድሞ የሚቃወመው? ለምን?» ብሎ ቢጠይቅና ተማሪዋም መልሷን ይዛ እንድትሟገት ቢያደርግ፣ ማሽኑ ያን ያህል አይጠቅማትም። ለዚህ ግን ኮሌጆች መምህሩ በሳምንት ለውይይት የሚያጠፋውን ሰዓት እንደ ማስተማር ሥራ ቆጥረው መክፈል ይኖርባቸዋል፤ በኮርስ የሚቀጠረው የትርፍ ጊዜ መምህር ይህን በነፃ እንዲሠራ መጠበቅ አይቻልም።