የቢት ዋጋ በፍሬ ሳይሆን በሜትር ይለካል

በአዊ ዞን፣ ጥርባም ሆነ እንጅባራ፣ የውኃ ጉድጓድ ለማስቆፈር የሚዋዋል ባለሀብት የሚገጥመው በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የዘንገና ሐይቅ ራሱ የተኛው በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ነው። ድንጋዩን የሚሰብረው በታመቀ አየር የሚሠራው ሃመርና ጫፉ ላይ የሚታሰረው ቢት ነው።

ገዢ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «አንዱ ቢት ስንት ነው?» ብሎ ነው። የነዳጅ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ስሌት ግን ሌላ ነው። የቢቱን ዋጋና የሪጉን የሰዓት ወጪ ደምረው በተቆፈረው ሜትር ያካፍላሉ። ቢት ለመለወጥ ቧንቧው ወጥቶ እስኪመለስ የሚባክነውም ሰዓት ይታሰባል።

ለምሳሌ ሪጉ በሰዓት 10,000 ብር ያስወጣል እንበል። የ30,000 ብር ቢት በ12 ሰዓት 60 ሜትር ከቆፈረ ሜትሩ 2,500 ብር ፈጀ። የ60,000 ብሩ በ15 ሰዓት 120 ሜትር ከወረደ ግን 1,750 ብር ብቻ ነው። ውድ የተባለው ረከሰ ማለት ነው።

ቢቱን ከመውቀስዎ በፊት ኮምፕረሰሩንም ይዩ። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሃመሩ ጉልበት ያጣል።

ስለዚህ ሻጭ «አስተማማኝ ነው» ሲል፣ በምን ዓይነት ድንጋይ፣ በምን ከፍታ፣ በስንት ሰዓት ስንት ሜትር እንደወረደ መዝገቡን ይጠይቁ። መዝገብ የሌለው ቢት ዋጋው ገና አልታወቀም።